በቁሙ የተለቀሰለት

ቡሬ ዙሪያ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምስክር ይሄይስ፤

«ውድ ወንድሜ» ብየ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንዴት ሰነበትህ ብየም አልጠይቅህም። ሰው ለመግደል አቅም ያገኘ ሰው ደህና ነው ማለት ነው። እኛ ደህና ነን። አባየም ደህና ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ትናንትም በሬ ጠምዶ ዋለ። ይህን መስማት እንደሚያሳፍርህ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ፣ አባትህ አልሞተም።

ሐሳቤ ደውየ ልሰድብህ ነበር። እዚህ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ያንተ ስልክ ይጠፋል። ጠርቶ ሲገኝም አታነሳውም። የማን ቁጥር እንደሆነ አይተህ ነው፣ አውቅሃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብየ እየጻፍሁልህ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ እማየ ታማ ትምህርቴን ስተው ከክፍሌ አንደኛ ነበርሁ። ይህን የምልህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ማን ጻፈላት እንዳትል ነው።

አንተ ስላልነበርህ የአባትህን ለቅሶ ልንገርህ። ልጅ የአባቱን ለቅሶ ማወቅ አለበት።

የታኅሣሥ ገብርኤል አልፎ ነው። አባየ አውድማ ላይ ዳጉሳ ይወቃል። እማየ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥታ ታገላብጣለች። እኔ ከጓሮ ነኝ። ከላይ ከመንገዱ አንድ ሚኒባስ ቆመና ሰው መውረድ ጀመረ። ወጣቶች ናቸው፣ ወንዱም ሴቱም ነጠላውን አዘቅዝቋል። የማን ቤት ሐዘን ነው ብየ እያየሁ ሳለ ቁልቁል ወደ እኛ ቤት ታጠፉ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አንዲት ቀጭን ልጅ «ወይኔ ጋሽ ይሄይስ! ወይኔ አባታችን!» ብላ ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

አገራችንን ታውቃለህ። እዚህ ጩኸት ከተሰማ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። እትየ ሸጋዬ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ እየሮጡ መጡና ደረታቸውን ሲደቁ ሊጡ ቀሚሳቸው ላይ ተለጠፈ። ከታችኛው መንደር ሰዉ ወንዙን እየተሻገረ ጎረፈ። ሁሉም ይሄይስን፣ ይሄይስን ይላል። አንድም ሰው ይሄይስ የት ነው ያለ የለም። ጠዋት ሰላም ያሉት ሰዎች እኮ ናቸው!

እማየስ? ጠዋት ቁርሱን አብልታ የሸኘችውን ባሏን ስም ከማታውቃቸው ሰዎች አፍ በለቅሶ ስትሰማ ምን ትበል? በሬ ወግቶት ነው ብላ አሰበች። ፊቷን ነጨችው፣ ምስክር። በርበሬ ሲያገላብጥ በዋለ እጇ ግራ ቀኝ ጉንጯን ነጨችው። ደሙና በርበሬው ተቀላቅሎ ስትቃጠል እየያዝኋት ታመልጠኛለች። ጠባሳው አሁንም አለ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ትከናነባለች። ያንተ የክብር ተማሪነት እማየ ጉንጭ ላይ ተጽፏል፣ መጥተህ አንብበው።

አባየ ጩኸቱን ከአውድማ ሰማ። ከቤቱ የሚወጣ ለቅሶ ነው፤ እሱ ደህና ከሆነ የሞተችው እሷ ናት ማለት ነው። መንሹን እንደያዘ «ያይኔአበባን! ያይኔአበባን!» እያለ እንደ ልጅ እየጮኸ መጣ። እሷ ለእሱ ስታለቅስ፣ እሱ ለእሷ ሲያለቅስ ደጅ ላይ ተገናኙ። አንተ ይህን ያደረግህ ሰው ነህ። እማየ አየችውና ድምፅዋ ቁርጥ አለ። የቀረው የበርበሬው ሳል ብቻ ነበር።

ከእንግዶቹ መካከል መነጽር ያደረጉ ሽበታም ሰው ቀረብ አሉና፣ «ይቅርታ አባቴ፣ እርስዎ ለሟቹ ምናቸው ነዎት?» አሉት።

«ሟቹ ማን ነው?» አለ አባየ፣ እያለከለከ።

«ጋሽ ይሄይስ ናቸው እንጂ፣ የምስክር አባት። እኔ መምህሩ ነኝ፣ ዶክተር ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ። እነዚህ በክብር ተማሪዎች ፕሮግራም አብረውት የሚማሩ ናቸው። ጥናቱን በሚያቀርብበት ዕለት ማለዳ ነው አባቴ አረፈ ብሎ መልእክት የላከልን። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሰንብቶ እንጂ ለሠልስቱ እንደርስ ነበር። ደምበጫ ላይ አድረን ነው የመጣን።»

እኔ አፌን ልከፍት ነበር። ወላዲቱን፣ ልከፍት ነበር! «ይኸውላችሁ ሟቹ፣ መንሽ ይዞ ቆሟል» ልል ነበር። አባየ ዐይኔን አየኝ። ዐይኑን ከእኔ ወደ እማየ፣ ከእማየ ወደ እነዚያ አቧራ የለበሱ ልጆች መለሰ። ከዚያ መንሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አስቀመጠና እጁን በልብሱ ጠርጎ፣

«ወንድሙ ነኝ፣ ወንዳወቅ እባላለሁ። እግዜር ያጥናችሁ ልጆቼ፣ ከሩቅ ደከማችሁ፤ ምስክርም ትናንት ተመልሶ መንገድ ላይ ተላልፋችኋል» አለ።

ወንዳወቅ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። አባየ በልጅነቱ በፈንጣጣ የቀበረው ታናሽ ወንድሙ ነው። በቤታችን ስሙ ሲነሳ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። ያንን ስም አውጥቶ ለበሰውና የራሱን ስም ለሞት ሰጠው፤ አንተ እንዳትባረር። እውነቱን ቢናገር ልጁ ምን እንደሚሆን ማንም ሳይነግረው ገባው። ከዚያ ሐዘንተኛ ከሚቀመጥበት ሄዶ ተቀመጠ።

መንደሩም ገባው። የኛ ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር አስተርጓሚ አይፈልግም። አንዱ ሌላውን ጎሸም አደረገና ለቅሶው ቀጠለ። ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ አመጣ፤ አባየ የራሱን ንፍሮ በላ። እትየ ሸጋዬማ መሐል ገብተው ሙሾ አወረዱ፤ እንዲህ ሲሉ፦

ቆሞ የተቀበረ እንዳንተ ማን አለ፣
ልጅህ አለቀሰ ቀድሞ እየገደለ።

የእኛ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ግማሹ በሳቅ፣ ግማሹ በእፍረት ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዶክተሩ «እንዴት ያለ ጥልቅ ሙሾ ነው፣ እባክዎ ይድገሙልን» አሉ። ደገሙላቸው። ምን አገባቸው፣ ባለጉዳዩ አንተ ነህ።

በዚህ መቼ አበቃ! መቃብሩን ሳንሳለም አንሄድም አሉ። ደህና ልጆች ናቸው፣ ቢሰድቡህ ይሻልህ ነበር። አባየ ተነሥቶ መራቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወይራው ሥር፣ ሣር ከዋጠው ከወንዳወቅ መቃብር አጠገብ አቆማቸው። ዐፈሩ የቆየ መሆኑን እንኳ ያስተዋለ የለም፤ የከተማ ልጅ ዐፈር መቼ ያያል። ያች ቀጭኗ ልጅ፣ ቤቴል ትባላለች፣ የመስክ አበባ ለቅማ አኖረችለት። ያኔ አባየ አለቀሰ። የእውነቱን ነበር። ለማን እንዳለቀሰ አልጠየቅሁትም።

ስንመለስ ቤቴልን ይዣት ወደ ኋላ ቀረሁ። ምን ሆኖ ነው ጥናቱን ያላቀረበው አልኋት። አባቱ ሞቶ ነዋ አለችኝ፣ የዋህ ናት። ቀስ ብየ ስጎተጉታት ወጣ። በውጤት ከሁላቸውም የምትበልጥ አንተ ነህ አሉ። ከመድረክ ስትወጣ ግን በእንግሊዝኛ ምላስህ ይተሳሰራል። ባለፈው ስትለማመድ አንዱ ጎጃሜነትህን አስመስሎ ስለተናገረ ክፍሉ ሁሉ ስቋል። ጥናቱን በሚያቀርብበት ቀን የቀረ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል፤ ደንቡ የሚምረው እናት ወይም አባት ለሞተበት ብቻ ነው።

አሃ! አልሁ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሰው ለምን አባየን መረጠ እያልሁ ስብሰለሰል ነበር። ለምን እኔን አልገደለኝም? የእኔ ሞት ለካ አይበቃም። እህት ብትሞት ደንቡ አያውቃትም። እና በእናትና በአባት መካከል ዕጣ ጣልህ? ወይስ አባየ አይቆጣም ብለህ ነው? አይቆጣም፣ ልክ ነህ። ቂም የማይዝ ሰው መርጠህ ገደልህ። ተስቆብኝ ነው ትላለህ? እኛ ላይ የሚሳቀውን ታውቃለህ? ፍኖተ ሰላም ገበያ ስንወርድ አባየን ምን እንደሚሉት ልንገርህ፦ «ሟች ይሄይስ እንዴት አደሩ? መንግሥተ ሰማያት ብርዱ እንዴት ነው?» ይሉታል። እሱ ይስቃል። እኔ ግን አንዱን በሽንኩርት ወርውሬዋለሁ።

ጥናትህ ስለ መሬታችን አሲዳማነት ነው አሉኝ። ጎበዝ! ያንን ዐፈር ማን ላከልህ? ከየማሳው ጥግ እየቆፈረ፣ ይኸ የላይኛው ማሳ፣ ይኸ የወንዙ ዳር እያለ በላስቲክ እየቋጠረ፣ ቡሬ ድረስ ተሸክሞ በአውቶቡስ የላከልህ ሟቹ ነው። ሹፌሩን «አደራ፣ የልጄ ትምህርት ነው» ሲለው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ልጄ ከዩኒቨርሲቲው ምርጦች ጋር ተመረጠ ብሎ ያልነገረው በሬ እንኳ የለም።

እሺ፣ ፈራህ። ከፍርሃትህ የተነሣ አንድ ቃል አመለጠህ እንበል። እኔን ያቃጠለኝ ያ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ተመልሰው «አጎትህ ወንዳወቅ እንዴት ያለ ሰው ናቸው፣ እንዴት አድርገው ተቀበሉን» ሲሉህ ምን ተሰማህ? ወንዳወቅ የሚባል አጎት እንደሌለህ ታውቃለህ። በዚያች ደቂቃ አባትህ ምን እንዳደረገልህ ገባህ። ገባህና ስልክህን ዘጋህ። «አባየ ይቅር በለኝ» ለማለት እንግሊዝኛ አያስፈልግም ነበር። በጎጃምኛህ እንሰማህ ነበር፣ ማንም አይስቅብህም ነበር። ምስክር ብሎ ስም ያወጣልህን ሰው ነው በሐሰት የመሰከርህበት።

እማየ ከዚያ ወዲህ ሟርት ነው እያለች እንቅልፍ የላትም። አባየ ከማሳ ትንሽ ከዘገየ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። እሱ ደግሞ ለነፍስ አባቱ ለቄስ ወልደ ዮሐንስ ሄዶ ተናዘዘ። ዋሸሁ፣ የሞተ ሰው ስም ወሰድሁ፣ ለራሴ የመጣ እዝን በላሁ አላቸው። ስግደት ሰጡት። ጉልበቱ አብጦ ጠዋት ከመደብ ሲነሣ ግድግዳ ይይዛል። የዋሸኸው አንተ፣ የሚሰግደው እሱ። እንዲህ ያለ ቀኖና የት አገር አለ?

ስበሳጭ ሲያየኝ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? «ተይው ሠርኬ፣ ልጁ ፈርቶ ነው። የፈራ ልጅ የሚደበቀው አባቱ ሥር ነው፤ እኔ ሥር ነው የተደበቀው» ይለኛል። እሱ አባት ነው፣ ይበል። እኔ ግን እህት ነኝ፣ እኔ ሥር መደበቂያ የለህም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ዶክተሩ ሲሰናበቱ ለአንተ ቀኑ እንደተራዘመልህ ነገሩን። የፊታችን ቅዳሜ ጥናትህን ታቀርባለህ፤ በዚያው ዕለት የክብር ተማሪዎች ቀን ነው፤ ሜዳሊያውን ልጁ አንገት ላይ የሚያጠልቀው ወላጅ ነው። «አባቱ ስለሌሉ እርስዎ ቢመጡልን» አሉት። አባየ «እመጣለሁ» አለ። እኔ ለይሉኝታ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሩን ኖሯል።

ሲያስበው ሰንብቷል። ጋቢውን አሳጠበ። ጢሙን ተላጨ፤ እማየ ምነው ስትለው «ወንድማማች ብንመሳሰልም ትንሽ መለየት ይሻላል» አላት። እማየን «ወንዳወቅ ብለሽ ጥሪኝ» ይላታል፤ አዳራሹ ውስጥ በዚያ ስም ሲጠሩት ሳይሰማ እንዳይቀር ይለማመዳል። እሷ አፏ አይታዘዝላትም፤ ትጀምርና ታለቅሳለች። እኔን ሲለምነኝ ጠራሁት። «ወንዳወቅ!» ስለው እንጨት እየፈለጠ ነበር፣ ዞር አላለም። ደግሜ ስጠራው ደንግጦ ቀና አለና «አቤት፣ አቤት» አለኝ። ወደ ቤት ገብቸ ያልሁህን ብትሰማ ኖሮ ጆሮህ ይደማ ነበር።

አትሂድ ብየዋለሁ። ሰው እንዴት የራሱን ልጅ ሲሸልም በሞተ ሰው ስም ይቆማል ብየዋለሁ። «ሜዳሊያውን ያው እኔው አይደለሁ የማጠልቅለት፤ በማን ስም ብሆን አንገቱን አየዋለሁ» አለኝ።

ስለዚህ ለአንተ ነው የምነግርህ፣ ምስክር፣ ደህና አድርገህ ስማ። መድረኩ ላይ ወጥተህ እንግሊዝኛህ ቢጠፋህ ይጥፋ። ይሳቁብህ። አባየ ግን ከዚያ አዳራሽ ወንዳወቅ ተብሎ እንዳይወጣ። መምህርህ ፊት፣ ያች ልጅ ፊት፣ «አባቴ ነው፣ ዋሽቻለሁ» በል። ቢያባርሩህ ና፤ እርሻው ሰው አይበዛበትም፣ እንጀራ አንነፍግህም። ምናልባት አያባርሩህም፤ እኔ አላውቅም፣ ቃል አልገባልህም። ዝም ካልህና «አጎቴ ነው» ብለህ እጁን ከጨበጥህ ግን ወደዚህ ቤት አትምጣ። ዲግሪህን አንጠልጥለህ ብትመጣ ከበሩ የማቆምህ እኔ ነኝ። እማየ ታለቅሳለች፣ አባየ ይለምነኛል፣ አልሰማቸውም። ለመሐላ የሚሆን ነገር ቢኖረኝ እምልልህ ነበር።

እማየ ምርቃቷን አድርሽልኝ ብላለች፤ ስለሆነም አደርሳለሁ። እደግ፣ ተመንደግ፣ ዐፈር ብትጨብጥ ወርቅ ይሁንልህ፣ ክፉ ዐይን አይይህ፣ ብላሃለች። በዚያ ጉንጯ ነው የመረቀችህ። የእኔን ምርቃት ለጊዜው ይዠዋለሁ። የለኝም አላልሁም፤ ይዠዋለሁ ነው ያልሁህ።

ይህን ወረቀት በእጅህ የሰጠህ ራሱ አባየ ነው። ነገ ከቡሬ ይሳፈራል፤ አድርስልኝ ብየ ኪሱ ውስጥ አደርግለታለሁ። ምን ጻፍሽለት ሲለኝ ሰላምታ ነው አልሁት፣ ማንበብ እንደማይችል ታውቃለህ። እያነበብህ ሳለ ፊትህ ቆሞ ፊትህን እያየ ነው። ጓደኞችህ አጠገብህ ካሉ «ወንዳወቅ ነኝ» ብሎ ሰላም ብሏቸዋል፤ ከሌሉም እስኪመጡ እየተዘጋጀ ነው። ወረቀቱን አጥፈው። ሰው እየሰማ፣ አባየ ብለህ ጥራው።

ሠርክአዲስ፣
የይሄይስ ልጅ